መብራቱ ምን ለብሷል?

እናቴ በጥፊ የመታችኝ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በመሐላ ምክንያት። እራት ላይ ነበርን። ጠዋት መንገድ ላይ ስላየሁት ባለ ሦስት እግር ውሻ ለአባቴ ስተርክለት አላምን አለኝና "ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" አልኩ። የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ቢዋሽም ባይዋሽም የሚምለው እንዲህ ብሎ ነበር። የእናቴ እጅ ከየት እንደመጣ አላየሁትም። "ሁለተኛ ይህን መሐላ በዚህ ቤት እንዳልሰማ!" አለች፤ ከእኔ ይበልጥ የደነገጠችው ግን እሷ ነበረች። አባቴ ዳቦውን በጣቶቹ ዳብሶ አገኘና መብላቱን ቀጠለ።

ዳብሶ አገኘ የምለው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት ዳቦ የሚያነሳ አባት ነው፣ ሌላ ምንም።

ለጥፊው የራሴን ምክንያት አገኘሁለት። እናቴ ከአባቴ ጋር በአውቶብሱ መሄዴን አትወድም፤ በዚያ ጥርስ ነክሳብኛለች፣ መሐላው ሰበብ ነው አልኩ። ልጅ ሆኜ ያልገባኝ ነገር አልነበረም። የገባኝ ሁሉ የተሳሳተ መሆኑ ነው እንጂ።

አባቴ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሰርቪስ ሹፌር ነበር። ጠዋት ሠራተኞቹን ከየሰፈሩ ለቅሞ ፋብሪካው በር ላይ ያራግፋቸዋል፣ ከዚያ ባዶውን አውቶብስ ወደ ጋራዥ ሲመልስ እግረ መንገዱን እኔን ትምህርት ቤት ያደርሰኛል። ሰርቪስ ላይ ልጅ መጫን በደንቡ ክልክል ነው። እኔ ግን ከማለዳው ጀምሮ ከሹፌሩ ጎን፣ የሞተሩ ክዳን ላይ፣ በታጠፈ ብርድ ልብስ ተደላድዬ እቀመጥ ነበር። ከሥር ሞተሩ ያሞቀኛል፤ በብርድ ወራት ከዚያ የተሻለ መቀመጫ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። የናፍጣ ሽታ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ ባይለኝ ይሻል ነበር።

ጨዋታችን መቼ እንደተጀመረ አላስታውስም። አባቴ ፊቱን ከመንገዱ ሳያነሳ "መብራቱ ምን ለብሷል?" ይለኛል።

"ቀይ!"

"ማነው የሚሻገረው?"

"ዘንቢል የያዘች ሴትዮ። ደግሞ ስትንቀራፈፍ!"

"ያ ታፔላ ምን ይላል?"

"የመንገድ ሥራ ላይ ነን ይላል።"

ቀድሞ ያየ ያሸንፋል፣ ሁልጊዜ የማሸንፈው ደግሞ እኔ ነኝ። "አይ የኔ እናት፣ በለጥሽኝ እኮ!" ይልና ለሽልማት ክላክሱን እንድነካ ይፈቅድልኛል። ሠራተኞቹ ተሳፍረው ሳለ ግን የምንጫወተው በሹክሹክታ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቀው "ይቀናሉ" አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ፤ እንዲህ ያለ አባት ይዤ ማን አይቀናብኝም?

አንድ እሑድ ከሰዓት እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች፣ አባቴ የድንጋይ መቀመጫው ላይ ነው፣ እኔ ገመዱ ላይ በተሰጡት አንሶላዎች መሀል ተደብቄ እርጥቡን ጨርቅ ፊቴ ላይ እለጥፋለሁ። መኖሬን ረስተውት ነበር።

"እስከ መቼ ነው ልጅ ይዘህ የምትነዳው?" አለች እናቴ።

"ትንሽ ታገሺኝ።"

"ነፍስ እኮ ነው የጫንከው። ሁሉም ቤት የሚጠብቀው አለው።"

"መንገዱን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።"

"መንገዱስ ባለበት አለ። ዘሎ የሚገባብህን ማን ይነግርሃል?"

አባቴ ድንጋዩን በተረከዙ መታ መታ አደረገ። "እሺ ሄጄ ልንገራቸው። በማግስቱ ምን እንበላለን?"

እናቴ ሱሪውን ስትጨምቅና ውሃው ሳፋው ላይ ሲንዠቀዠቅ ብቻ ሰማሁ። አንሶላው ውስጥ ሆኜ ነገሩን በራሴ ሚዛን መዘንኩት፦ እናቴ ልጅ መጫን ክልክል ነው ብላ ልታስወርደኝ ትፈልጋለች፣ አባቴ ይሟገትልኛል። እኔም ባገኘሁት መንገድ ሁሉ ላግዘው ወሰንኩ።

ለልጆች ፊልም መቅረጽ የሚያስተምሩ ሰዎች ወደ ሰፈራችን የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ሰፈራችን ከፋብሪካው ግርጌ፣ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ በሚወርድበት ቦይ ዳርና ዳር የተደረደረ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ቦዩ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ወይን ጠጅ ሆኖ ይውላል፤ ፋብሪካው ምን እየነከረ እንደሆነ ከውሃው እናውቃለን። በቴሌቪዥን የምንታየው ጎርፍ ሲገባብን ወይም ከእኛ መሀል ሌባ ሲያዝ ነው። ሳንሰርቅም ሳንሰምጥም የሚቀርጸን ሰው ሲመጣ ትልልቆቹ "ምን ፈልገው ነው?" ብለው ጠረጠሩ፣ እኛ ልጆቹ ግን በሚያስተምሩበት የቀበሌ አዳራሽ በር ተጋፋን።

ዋናዋ አሰልጣኝ ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት "ፀጥታ!" ብላ ትጮሃለች፣ በጩኸቷ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሳና ድምፁ ይበላሻል። "እትዬ ፀጥታ" አልናት፤ እሷም ሰምታ ሳቀች። የመጀመሪያው ቀን የተናገረችው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። "ስለ እናንተ ሌላ ሰው ሲያወራ ኖሯል። አሁን ተራው የእናንተ ነው። የምትወዱትን ሰው ምረጡና ከእናንተ በቀር ማንም የማያውቅለትን ነገር አሳዩኝ። ፊት ሁሉም ያሳያል፤ እኔ እጅ ማየት እፈልጋለሁ። ደግሞ ካሜራው አንዴ ከተነሳ ሰማይ ቢደፋ ዓይናችሁን ከውስጡ እንዳታነሱ!"

ካሜራዎቹ ጥቂት ስለነበሩ በተራ ነበር ወደ ቤት የምንወስዳቸው። አንዱ ልጅ የአያቱን ማንኮራፋት ቀርጾ መጣ፤ ሽማግሌው ሲያውቁ በከዘራ አባረሩት። ሌላዋ እናቷ የሰው ፀጉር ስትሠራ ቀረጸች። እኔ ብዙም አላሰብኩ። ከእኔ በቀር ማንም የማያውቀው የአባቴ ነገር ጨዋታችን ነው። እናቴም ፊልሙን ስታይ አብረን ምን ያህል ደስተኞች እንደሆንን ይገባታል፣ ሁለተኛ ከአውቶብሱ ውረጂ አትለኝም።

"ልቀርጽህ ነው" አልኩት።

"እኔን? ምኔ ያምራልና?"

"እጅህ።"

ሳቀ። በማግስቱ ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቀኝ። ጉንጩ ሥር መላጫው የዘለለው ጢም ቀርቶ ነበር። ዛሬ ፊልሙን ባየሁት ቁጥር መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ልብም አላልኩት።

ሠራተኞቹ እስኪወርዱ ድረስ በሹክሹክታ ተጫወትን፣ እኔም በአንድ ዓይኔ መንገዱን፣ በሌላው ካሜራውን እያየሁ ቀረጽኩ። አውቶብሱ ባዶ ሲሆን ነፃነት ተሰማኝ። ጎንበስ ብዬ ማርሹን የጨበጠ እጁን ፈለግሁ። ምስሉ ደብዘዝ፣ ጠራ፣ ደግሞ ደብዘዝ እያለ ካስቸገረኝ በኋላ ቁልጭ አለልኝ። ፀሐይ በመስተዋቱ ገብታ ጣቶቹ ላይ አርፋለች፣ ደም ሥሮቹ ይታያሉ፣ ማርሹ ሲንቀጠቀጥ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

"መብራቱ ምን ለብሷል?" አለኝ።

ቀና ብል ምስሉ ሊበላሽብኝ ነው። "አረንጓዴ" አልኩ።

መብራቱን አላየሁትም ነበር።

ከዚያ የሰው ጩኸት፣ የፍሬን ሲቃ፣ የቆርቆሮ ግጭት ሰማሁ። ግንባሬ ከፊት ካለው ብረት ጋር ተላተመ፤ ካሜራውን ግን አለቀቅሁም። አንድ ባለ ጋሪ የእግረኛ መንገዱ ላይ ዘሎ ቆሟል፣ ጋሪው በጎኑ ወድቋል፣ ብርቱካኑ ከጎማችን ሥር እስከ ማዶ ድረስ ይንከባለላል። "ዓይንህን ቤት ረስተኸው ነው የወጣኸው?!" እያለ ሰውዬው ይጮሃል። አባቴ ወረደ። በርከክ ብሎ አስፋልቱን በመዳፉ እየዳሰሰ ብርቱካን መልቀም ጀመረ። አንዳንዱን አጠገቡ እያለ ያልፈዋል። ስቄ ሞትኩ፤ የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። ባለ ጋሪውም ሲያየው ቆየና ቁጣው በረደለት፣ "ተወው፣ ተወው ጌታዬ፣ ነፍሴ ተርፋለች" ብሎ ክንዱን ይዞ አስነሳው።

አባቴ ተመልሶ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። እጆቹ ቁልፉን ለማግኘት ሁለቴ ሳቱ። እጅ አሳዩኝ ተብለናልና ጠጋ ብዬ ቀረጽኳቸው።

"አረንጓዴ ስልህ አመንከኝ እንዴ?" አልኩት እየሳቅሁ። "ቀይ ነበር እኮ! አንተ አታይም?"

"አመንኩሽ።"

"ተሸነፍክ!"

"አዎ" አለ። "ተሸነፍኩ።"

ትምህርት ቤት እስክንደርስ አውቶብሱ ከእግረኛ እኩል ነበር የሚሄደው። መሸነፉ አናዶት ያኮረፈ መሰለኝ። ስወርድ "ነገ ካሜራውን አትያዢ፣ እሺ?" አለኝ፤ ድምፁ ልመና ነበረው። ትልቅ ሰው ልጅን ሲለምን ሰምቼ ስለማላውቅ ቁጣ ነው አልኩ።

ፊልሙን ስንቆርጥና ስንቀጥል እትዬ ፀጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ብርቱካኑ ጋ ስንደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ፀጥ አለች። መልሳ አየችው፣ ደግማ መለሰችው።

"ይህን ጨዋታ ሁልጊዜ ነው የምትጫወቱት?"

"በየቀኑ!"

"ሰዎቹ ተሳፍረው ሳለም?"

"በሹክሹክታ። እንዳይቀኑ ነዋ።"

ተነስታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ከባልደረባዋ ጋር ሲነጋገሩ በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበር። "የእኛ ሥራ አይደለም፣ እኛ የመጣነው ለማስተማር ነው" ይላል እሱ። "ታዲያ የማን ሥራ ነው? ዛሬ ያየነው እኔና አንተ ነን" ትላለች እሷ። "የሰውዬው እንጀራ እኮ ነው።" "ሌሎቹስ? አውቶብሱ ባዶ ባይሆን ኖሮስ?" እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፊልሜን ሊጥሉብኝ ነው። ስትመለስ እጇን ይዤ ለመንኳት፤ "እትዬ፣ በናትሽ እንዳትቆርጪው!" አልኳት። ፀጉሬን ዳሰሰችኝ። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያ ክፍል አንስታ አታውቅም፤ ፊልሜም ምንም ሳይነካ አለፈ።

ፊልሞቹ ሲመረቁ እያንዳንዳችን ሰፈራችንን ረግጦ የማያውቅ አንድ ሰው እንድንጋብዝ ታዘዝን። ለእኛ ለራሳችን ብቻ ብናሳይ ምን ዋጋ አለው፣ ተባልን። ልጆቹ መምህር፣ ፖሊስ፣ ባለ ፋርማሲ ጋበዙ። እኔ አስቤበት የፋብሪካውን የስምሪት ኃላፊ ጋበዝኩ፤ የትኛው ሹፌር በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። አባቴን በመንገድ ምን ያህል እንደማግዘው ሲያይ "ይቺ ልጅ ትሳፈር" ይላል፣ እናቴም አፏን ትይዛለች። ቢሮው መስኮት ሥር በጣቶቼ ቆሜ ስነግረው "አባትሽ ደግሞ በስተርጅና አክተር ሆነልን?" ብሎ ሳቀ። እንደሚመጣም ቃል ገባልኝ።

የአዳራሹ መስኮቶች በካርቶንና በብርድ ልብስ ተሸፍነው እኩለ ቀን ላይ ጨለማ ተሠራ። እናቴ ደህና ቀሚሷን ለብሳለች። አባቴ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ከእኔ አጠገብ ነው። ስምሪት ኃላፊው ከኋላችን አግዳሚውን በመሐረብ ጠርጎ ተቀመጠ። የአያትየው ማንኮራፋት ሲመጣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሽማግሌው ራሳቸው ሳቁ። ቀጥሎ የእኔ ሆነ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና "አሁን ምንድነው የሚታየው?" አለኝ።

"ራስህ እይዋ!" አልኩት። ፊልም ሠሪ ሆኜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ የልጅ ጨዋታ አሳፈረኝ። ደግሞም የሰውን ፊት ማየት እፈልግ ነበር።

"ምን ለብሷል" ሲል ሳቁ። ብርቱካን ሲዳብስ ሳቁ። "አንተ አታይም?" ስል የበለጠ ሳቁ። እናቴን አየኋት፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ዘወር ስል ስምሪት ኃላፊው ፊልሙን አይመለከትም ነበር። የአባቴን ማጅራት ነበር የሚመለከተው። ሳያልቅ ተነስቶ ወጣ።

ጭብጨባው የዝናብ ያህል ነበር። ስንወጣ ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። አባቴን ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው። አልጮኸም፤ ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው። አባቴ ከኪሱ የአውቶብሱን ቁልፍ አወጣና መዳፉ ላይ አስቀመጠለት፣ ሰውዬውም ቁልፉን እንደያዘ እጁን አባቴ ትከሻ ላይ ተወው። ያኔ ነገሩ በራልኝ፤ ልጅ ሲጭን ተይዞ ነው! ሮጬ መሀላቸው ገባሁ። "እኔ ነኝ ያስቸገርኩት! ሁለተኛ አልሳፈርም፣ በእግሬ ነው የምሄደው!" ብዬ አለቀስኩ። ሰውዬው አየኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። "አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ጎበዝ ልጅ ነሽ" አለኝ። ውሸቱን ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ፋብሪካው ክር ክፍል ገባች፤ ስምሪት ኃላፊው ነው ያስቀጠራት። እኔ ቅርብ ወደሚገኘው ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። አባቴ ግቢው በር ላይ ወንበር አውጥቶ መዋል ጀመረ። አልተቆጣኝም፣ ስለ ፊልሙም አንስቶ አያውቅም፤ ግን ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር ከኋላዬ ያለውን ነገር የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ተቀይሞኛል፣ ሊያየኝ አልፈለገም አልኩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ራሱ ይጥራኝ ብዬ በአጠገቡ ዝም ብዬ አለፍኩ። አልጠራኝም። በማግስቱ ደግሞ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ አለፍኩ። ዝም ካልኩ የሌለሁ ያህል ነው ማለት ነው። ቀለለኝ፤ አለመጠራት ከቁጣ ይሻላል ብዬ ልማድ አደረግሁት።

ዱላ ይዞ መሄድ ሲጀምር እናቴ ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ ነገረችኝ። ዓይኑ ከስንት ዓመት በፊት ጀምሮ ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ ሲሄድ ኖሯል፤ ሐኪሙ መድኃኒት የለውም ብሎታል፤ ጨዋታው ጨዋታ አልነበረም። ሞተሩ ላይ የተቀመጥኩት ለሙቀቱ ሳይሆን ለዓይኔ ተፈልጌ ነበር። ያን ቀን ያልኩት "አረንጓዴ" ትዝ አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ የእኔው ግን በፊልም ተይዞ፣ ተቆርጦና ተቀጥሎ፣ ለሕዝብ ታይቶ ተጨበጨበለት። አባቴን ያዋረድኩት፣ እንጀራውንም የነጠቅሁት እኔ ነኝ አልኩ፤ ይህን እያልኩ አደግሁ።

አሁን ሥራዬ ፊልም መቁረጥና መቀጠል ነው። ለዚህ ሙያ የበቃሁት በዚያ ፊልም ነው፣ እሱም ያሳፍረኛል። በቅርቡ በሌላ ሰፈር ልጆችን እንዳስተምር ተጠርቼ ስሄድ እትዬ ፀጥታን እዚያው አገኘኋት። ሸብታለች፣ ድምፅዋ ግን ያው ነው። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ወንበር ስናነሳሳ "አባትሽ እንዴት ናቸው?" አለችኝ፤ አስከትላም አባቴ ራሱ እስካሁን የነገረኝ መስሏት የማላውቀውን ነገረችኝ።

ለካ ያን ሳምንት የአውቶብሱ ማቆሚያ ድረስ ሄዳ አግኝታው ነበር። "ይህ ክፍል ከታየ ሥራዎን ያጣሉ፣ ልቁረጠው?" ብላዋለች። አባቴ ድምፁን አሰሚኝ ብሎ፣ ጆሮውን ከማሽኑ አስጠግቶ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጠ። "አትቁረጪው" አላት። "እኔ ልናገር ብዬ ስንቴ ቢሮው በር ደርሼ ተመልሻለሁ። አፌ እምቢ ብሎኛል። ልጄ ትናገርልኝ።" ለእኔም እንዳትነግር አስምሏት ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ እፎይ ይል ይሆናል። እኔን መጀመሪያ ያንገበገበኝ ንዴት ነው። አውቆ፣ ፈቅዶ፣ ተላጭቶ ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጦ፣ ያን ሁሉ ዓመት እኔን ፀፀት ሲበላኝ ዝም ማለት? በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩበት። ግቢው በር ላይ ነበር፣ እናቴ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። በቁሜ፣ ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳልሰጥ፣ "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። ስለ ምን እንደማወራ አልጠየቀኝም።

"ምን ብዬ?" አለ። "አንድ ፍሬ ልጅ ሞተር ላይ አስቀምጬ በዓይኗ ስነዳ ኖርኩ ብዬ? አፍሬ ነው፣ ልጄ።"

ንዴቴ ያኔውኑ ከዳኝ። ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ራሱ ወጣ። "አባዬ፣ ያን ቀን መብራቱን አላየሁትም። ሳላይ ነው አረንጓዴ ያልኩህ።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት ታውቃለህ?"

"ድምፅሽ ከታች ነበር የመጣው። ወደ እጄ አጎንብሰሽ ነበር። ቀና ብለሽ ስትናገሪና አጎንብሰሽ ስትናገሪ አንድ አይደለም።" ጉልበቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። "አለማየትሽን እያወቅሁ ነዳሁ። እልህ ይዞኝ ነበር፤ አንዴ እንኳ ደግሜ ሳልጠይቅሽ ልለፍ ብዬ። ያ ሰውዬ ባይዘል ኖሮ ገዳዩ እኔ ነበርኩ፣ አንቺ ደግሞ የገደልሽ መስሎሽ ታድጊ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ መናገርም አቃተኝ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"በበሩ ስታልፊም እሰማሽ ነበር" አለ። "ጫማሽን አውልቀሽ። ለእናትሽ 'ፈርዳብኛለች፣ ተያት፣ እውነቷን ነው' እላት ነበር።"

"እኔ እኮ አንተ የተቀየምከኝ መስሎኝ ነው! አይተህ ዝም ያልከኝ መስሎኝ ነው፣ አባዬ! ልጅ ነበርኩ፣ እንደማታይ አላውቅም ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ፤ ያመነኝ መሰለኝ። ጥቂት ቆየና በጣም ቀስ ብሎ፣ ለወቀሳ ሳይሆን ለማወቅ ብቻ የሚጠይቅ ሰው አጠያየቅ፣ "ካወቅሽ በኋላስ?" አለኝ። "እናትሽ ከነገረችሽ በኋላም፣ ትልቅ ልጅ ሆነሽም፣ በባዶ እግርሽ ታልፊ ነበር። ያን ጊዜስ ምን መስሎሽ ነው?"

ወጥ ቤት ውስጥ የቢላዋው ድምፅ ቆመ። ሁለቱም መልሴን ጠበቁ።